ከሳን ሆዜ ወደ ሎስ አንጀለስ፦ እናቴን በባሕሩ ዳር ልውሰዳት ወይስ በተለመደው መንገድ?

የሳን ሆዜዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። በመስከረም መጨረሻ የእህቴ ልጅ ክርስትና ሎስ አንጀለስ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሳምንቷ ነው፤ አብረን እንሄዳለን። ሁሌ የምሄደው በኢንተርስቴት 5 ነው። አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢወስድ ነው። ግን ግራ ቀኙ ደረቅ ሜዳ ነው፤ ኮሊንጋ አካባቢ ደግሞ የከብት ማድለቢያው ሽታ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። እናቴ ባሕርን ከአውሮፕላን እንጂ በቅርብ አይታ አታውቅም። በባሕሩ ዳር በሚሄደው ሀይዌይ 1፣ ቢግ ሰር በሚባለው ገደላማ የባሕር ዳርቻ በኩል ላሳልፋት በጣም ፈልጌያለሁ። ችግሩ 70 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ጠመዝማዛ መንገድም ያዞራታል። ክርስትናው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ሐሙስ መነሳት እችላለሁ። በአንድ ቀን ይደረስ ይሆን? መኪናዬ ኮሮላ ናት።

የመንገድ ሰው
እህቴ፣ በአንድ ቀን አትሞክሪው። ኮሮላዋ ችግር የለባትም፤ መንገዱ አስፋልት ነው። ከካርመል እስከ ሳን ሲሚየን 90 ማይል ገደማ ብቻ ነው፤ ግን ሳትቆሚ እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ደግሞ መቆምሽ አይቀርም።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ሐሙስ በጠዋት በሀይዌይ 101 ወርጄ በሀይዌይ 156 በኩል ወደ ሞንተሬይ እወጣለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ለቢግ ሰር እሰጠዋለሁ። ማታ ሳን ሲሚየን ወይም ካምብሪያ አድራለሁ። ዓርብ ከሳን ሉዊስ ኦቢስፖ በ101 ሎስ አንጀለስ ለመግባት አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል።

አንድ ትልቅ ነገር ደግሞ አለ። ወደ ደቡብ ስለምትነጂ በባሕሩ በኩል ያለው መስመር የአንቺ ነው። መቆሚያዎቹ በቀኝሽ ይመጣሉ፤ ከፊት የሚመጣ መኪና አቋርጠሽ መግባት የለብሽም። ቀስ ብለሽ ስትነጂ ከኋላሽ አምስትና ከዚያ በላይ መኪና ከተሰለፈ ግን መቆሚያ ላይ ወጥተሽ ማሳለፍ አለብሽ። የካሊፎርኒያ ሕግ ነው፤ ለአንቺም ጭንቀት ይቀንሳል። ሲመሽ ግን እዚያ ገደል ላይ አትገኚ።

ቲጂ ኦክላንድ
እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ! ማዞሩን በተመለከተ፦ ከፊት ወንበር ይቀመጡ፣ መንገዱን ይዩ እንጂ ስልክ አይዩ፣ ቁርሳቸው ቀለል ይበል። ዝንጅብል ሻይ በፔርሙስ ያዢላቸው። የማቅለሽለሽ ክኒን ካሰብሽ የሚወስዱትን መድኃኒት ለፋርማሲስት ንገሪና ጠይቂ።

ለጉልበታቸው የሚመች ቦታ ከፈለግሽ ፒየድራስ ብላንካስን እንዳታልፊ። ከሳን ሲሚየን ትንሽ በስተሰሜን ነው። ኤለፈንት ሲል የሚባሉት ግዙፍ የባሕር እንስሳት አሸዋ ላይ ተዘርግተው ይተኛሉ። መመልከቻው ከመኪና ማቆሚያው ጋር የተያያዘ ነው፤ ዳገት የለም፣ ክፍያም የለም። በፊት መቅዘፊያ እግራቸው አሸዋ ዝቀው ጀርባቸው ላይ ሲበትኑ ታያላችሁ። በእናንተ ጊዜ የሚበዙት ወጣቶቹ ናቸው። ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝኑት ወንዶች የሚመጡት ከኅዳር ወዲህ ነው።

በ1932 የተሠራው የቢክስቢ ድልድይ ጋር ፎቶ ይነሱ፤ ግን የመኪና ግርግር አለ፤ ቦታ ካጣሽ አትታገዪ፣ እለፊው። ከሱ በኋላ ብዙ መቆሚያ አለ።

ጋሽ ሳሊናስ
ልጄ፣ እኔ የምለው ሌላ ነው። ገደል የሚፈሩ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሄዱት። ጠይቂያቸው። ከፈሩ በ101 ብቻ ሂዱ። 101 ራሱ ጋቪዮታ ጋር ባሕሩን ያገኘዋል፤ ከዚያ በሳንታ ባርባራ በኩል እስከ ቬንቱራ አብሮት ይሄዳል። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ገደል የለውም፣ ባሕሩም እዚያው ቀኝ እጅሽ ላይ ነው። ሳንታ ባርባራ ወርዳችሁ አሸዋው ዳር ቁጭ ትላላችሁ።

ሞንተሬይ ነዋሪ
ጋሽ ያሉት ልክ ነው። ደግሞ ቢግ ሰር በናዳ ሲዘጋም መውጫችሁ ይኸው 101 ነው። በ2017 ማድ ክሪክ ላይ የወረደው ናዳ መንገዱን ከአንድ ዓመት በላይ ዘግቶታል። በ2024 ደግሞ ሮኪ ክሪክ አጠገብ የአንዱ መስመር ከፊል ወደ ባሕር ተናደ። ረቡዕ ማታና ሐሙስ ጠዋት የካልትራንስን (የካሊፎርኒያ መንገዶች መሥሪያ ቤት) ኩዊክማፕ፣ ማለትም የተዘጋ መንገድ የሚያሳየውን የኢንተርኔት ካርታ፣ እዩ። ካርመልን ካለፋችሁ በኋላ ተዘግቶ ካገኛችሁት ወደ ኋላ መመለስ ነው። ጂፒኤስ በናሲሚየንቶ መንገድ ተራራውን ላሻግራችሁ ቢል እሺ አትበሉት፤ ጠባብና ቁልቁለት የበዛበት ነው።

ነዳጅ ሞንተሬይ ሙሉ፤ ቢግ ሰር ውስጥ ማደያው ጥቂት ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ኔትወርክም ለረጅም መንገድ ይጠፋል፤ ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱት። ጠዋት ጉም ካለ አትቸኩሉ። ሞንተሬይ ቁርስ ብሉና እስኪገለጥ ጠብቁ፤ በጉም ከገባችሁ ባሕሩንም አታዩትም።

የሳን ሆዜዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጠየቅኳት፤ «ከገደሉ በላይ ያንቺ አነዳድ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። ስለዚህ ቢግ ሰር፣ አዳር ሳን ሲሚየን፣ ዓርብ በ101። ዓርብ ግን ጾም ናት፤ እዚያ የጾም ምግብ ከየት አገኛለሁ?

ቲጂ ኦክላንድ
ከቤት ያዢ። ሽሮና ምስር ወጥ በዕቃ፣ እንጀራ፣ ቆሎ። ሆቴል ስትይዢ ማይክሮዌቭና ፍሪጅ ያለው፣ ምድር ቤት የሆነ ክፍል ስጡኝ በይ፤ ደረጃ አይወጡም። ጋቢም አትርሺ፤ የባሕሩ ነፋስ በፀሐይም ይበርዳል።

የመንገድ ሰው
ክፍሉን ዛሬውኑ ያዢ። መንገዱ ከተዘጋ በ101 ዞረሽ በፓሶ ሮብልስ በኩል እዚያው መድረስ ትችያለሽ፤ በሀይዌይ 46 ወደ ካምብሪያ ይወጣል። ኤለፈንት ሲሎቹንም በዚያ በኩል ታሳያቸዋለሽ።