«ረድቷል» ለማለት ግማሹን ሰው ማስጠበቅ አለብን?

አስተባባሪ፦ ያ ጭቅጭቅ ስላልበረደ ለብቻው ላውጣው። አንዲት የቡድናችን አባል ጭንቀት ለበዛባቸው ሰዎች የስምንት ሳምንት የምክር ፕሮግራም ትመራለች። ሲጀመር መጠይቅ አስሞላች። ሲያልቅ ያንኑ መጠይቅ ደግማ አስሞላች። የጭንቀት ነጥቡ በግልጽ ወረደ። «ይሠራል፣ በጀት ይመደብለትና ይስፋ» አለች። ሌላው አባል «ኮንትሮል ግሩፕ፣ ማለትም ድጋፉን ያላገኘ ማወዳደሪያ ቡድን፣ ከሌለሽ ምንም አላወቅሽም» አላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አይታችኋል። ጥያቄው ይኸው፦ አንድ የሥነ ልቦና ድጋፍ በሕዝብ ገንዘብ ከመስፋፋቱ በፊት፣ በዕጣ ግማሹን ተቀባይ ግማሹን ተራ ጠባቂ አድርጎ መፈተን ግዴታ ይሁን? ሐሳቡን ተቹ፣ ሰውየውን ተዉት።

አማካሪዋ፦ ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ። ግዴታ መሆኑን እቃወማለሁ። እንቅልፍ ካጣ ወር ያለፈው ሰው በሬን ሲያንኳኳ «ዕጣ አልወጣልህም፣ ከሁለት ወር በኋላ ና» ልበለው? እንዲህ የሚሉት ፊት ለፊት ሰው ተቀብለው የማያውቁ ናቸው። ደግሞ ለውጡን የነገሩኝ ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። እንቅልፍ መልሶ ወስዷቸዋል። ከቤተሰብ ጋር መነጋገር ጀምረዋል። እያለቀሱ ያመሰገኑኝ አሉ። ይሄ ማስረጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ እህቴ፣ ልፋትሽን አላጣጣልኩም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሰዎቹ ወደ አንቺ የመጡት መቼ ነው? ሲብስባቸው አይደል? ጭንቀት ይወጣል፣ ይወርዳል። ሰው እርዳታ የሚፈልገው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ጫፍ ላይ ያለ ነገር ደግሞ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ይወርዳል። ስምንቱን ሳምንት ዝም ብለሽ ብትቀመጪም ከመካከላቸው ብዙው ሰው ትንሽ ይሻለው ነበር። ወደ አማካይ መመለስ የሚሉት ይህን ነው። ነጥቡ መውረዱን አምናለሁ። ያወረደው ማን እንደሆነ ግን መጠይቁ አይነግርሽም።

አማካሪዋ፦ በሌላ አነጋገር ብቀመጥም ባልቀመጥም ያው ነኝ ማለት ነው። አመሰግናለሁ።

ቁጥር ወዳድ፦ ኧረ እንደሱ አላልኩም! ልዩነት ፈጥረሽ ይሆናል። አሁን ባለሽ መረጃ ግን እኔም አንቺም መለየት አንችልም።

መምህሩ፦ ልጆች፣ ቀስ። አንድ የቆየ ታሪክ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በ1955 በመኪና አደጋ 324 ሰው ሞተ። አገረ ገዥው በፍጥነት የሚያሽከረክሩት ላይ ጠንካራ ቁጥጥር አወጀ። በ1956 ሟቾቹ 284 ሆኑ። «40 ነፍስ ተረፈ» ተባለ። የእህታችን መጠይቅም ከዚህ አይለይም፣ በፊት አንድ ቁጥር፣ በኋላ አንድ ቁጥር። ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ካምቤልና ሎረንስ ሮስ በ1968 ጉዳዩን ሲመረምሩ ሁለቱን ዓመት ብቻ አላዩም። የብዙ ዓመታቱን መስመር ዘረጉ። የጎረቤት ግዛቶችንም አጠገቡ አስቀመጡ። ያኔ 1955 ራሱ ከወትሮው የከፋ ዓመት ሆኖ ተገኘ። ቁጥጥሩ የታወጀውም ዓመቱ ስለከፋ ነው! ስለዚህ ከመቀነሱ ውስጥ ምን ያህሉ የቁጥጥሩ ሥራ እንደሆነ በአፍ ሙሉ መናገር ከባድ ሆነ።

ግን ልብ በሉ፤ እነ ካምቤል ዕጣ አላወጡም። ሾፌሮችን ግማሹን ተቆጣጠሩ፣ ግማሹን ተዉ ያለ የለም። ስለዚህ ዕጣ ብቻውን ግዴታ ይሁን የሚለው ላይ እኔም አልስማማም። ማወዳደሪያ ግን ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ዓመት፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እነዚህን ነገሮች ለፈተና ሸምድጄ ነበር። ታሪክ፣ ብስለት፣ የፈተና ልምድ፣ የመለኪያ ለውጥ፣ ወደ አማካይ መመለስ፣ የአመራረጥ ልዩነት፣ ማቋረጥ። የውስጣዊ ቫሊዲቲ ስጋቶች ተብለው፤ ለውጡን ያመጣው ፕሮግራሙ ነው እንዳንል የሚያግዱ ነገሮች ማለት ነው። ፈተናው አለቀና ረሳሁት። አሁን ነው የገባኝ።

መምህሩ፦ ጥፋቱ የአስተማሪ ነው። ካምቤልና ስታንሊ በ1963 ዝርዝሩን ሲያወጡ ለሽምደዳ አልነበረም። እያንዳንዱ ስም «ይህ ለውጥ በሌላ በምን ሊመጣ ይችል ነበር?» የሚል ጥያቄ ነው። በእነዚያ ስምንት ሳምንታት ውስጥ የሥራ ጫና የሚበዛበት ወቅት አልፎ ከሆነ ታሪክ ነው። መጠይቁን ሁለተኛ ጊዜ ሲሞሉት ለምደውት ከሆነ የፈተና ልምድ ነው።

ወላጅ ነኝ፦ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ልግባ። ልጄ ምክር ይወስዳል። ይጠቅመዋል ብዬ አስባለሁ። ባይጠቅመውም አይጎዳውም። ማውራት ማንን ይጎዳል? ለመድኃኒት እንዲህ ያለ ፈተና ይገባኛል፤ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለወሬ ግን ይሄ ሁሉ ምንድነው?

ቁጥር ወዳድ፦ እንዲህ ያሉ ወላጅ ስላሉ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚያስበው ይህንን ነው። «ባይጠቅም አይጎዳ» የሚለው ግን ተፈትኖ ወድቋል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅና ሶመርቪል በሚባሉ ከተሞች፣ በ1939 አንድ ትልቅ ፕሮግራም ተጀመረ። ልጆቹን ከወንጀል ለመጠበቅ ነው የታሰበው። የሚመሳሰሉ ወንዶች ልጆች ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣመሩ። ሳንቲም ተወርውሮ አንዱ ወደ ፕሮግራሙ ገባ፣ አንዱ እንዲሁ ቀረ። ለገባው ልጅ አማካሪ ቤቱ ድረስ ይሄድለታል። የትምህርት እገዛ፣ ሕክምና፣ የክረምት ካምፕ፣ ሁሉም አለ። ይህ በአማካይ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ቀጠለ። ስስ ነበር የሚል ካለ ይንገረኝ።

ከ30 ዓመት በኋላ ጆአን ማኮርድ የምትባል ተመራማሪ 506ቱን ሰዎች ፈለገቻቸው፤ 253 ከዚህ፣ 253 ከዚያ። ውጤቱን በ1978 አወጣች። ከተረዱት ሰዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት «ጠቅሞኛል» ብለዋል። ልክ የእህቴ ተሳታፊዎች እንዳሉት። ካልተረዱት ጋር ሲወዳደሩ ግን ምንም ብልጫ የላቸውም። እንዲያውም በአንዳንዱ ነገር የባሱ ሆነው ተገኙ። ወንጀል የፈጸሙት ውስጥ ደግመው የፈጸሙት ይበዛሉ። የአልኮል ሱስ ምልክት ይበዛባቸዋል። ቀድመው የሞቱም አሉ። ያ ሳንቲም ባይወረወር ኖሮ ይህ ሁሉ «ስኬታማ ፕሮግራም» ተብሎ በሙሉ ልብ ይስፋፋ ነበር።

ወላጅ ነኝ፦ ለምን ግን? እንዴት ሊጎዳ ይችላል?

ቁጥር ወዳድ፦ ብዙ ግምት አለ። አብረው ካምፕ በመሄዳቸው አንዱ የሌላውን ጥፋት ተማረ የሚል አለ። በአማካሪው ላይ ጥገኛ ሆኑ የሚልም አለ። የቁርጥ መልስ የለውም።

መምህሩ፦ ወላጅ፣ ማውራትም ተፈትኗል። ከባድ አደጋ የደረሰበትን ሰው ወዲያው አስቀምጦ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ማስወራት ለብዙ ጊዜ እንደ ደግነት ይቆጠር ነበር። በእንግሊዝ በመኪና አደጋ ሆስፒታል የገቡ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ለአንዱ ቡድን ይህ አንድ ጊዜ ተደረገለት፣ ለሌላው አልተደረገም። ከአደጋው ሦስት ዓመት በኋላ የታየው ውጤት በ2000 ሲወጣ፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ተጨንቀው የነበሩትና እንዲያወሩ የተደረጉት ሕመማቸው አልለቀቃቸውም። እንደነሱ ተጨንቀው ያልተነኩት ግን ተሽሏቸዋል። በኋላ ጥናቶቹን ሰብስቦ ያየው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማ፣ ተጎጂዎችን በግዴታ እንዲህ ማስወራት ይቁም አለ። የልጅዎ ምክር ከዚህ የተለየ ነው፣ አይደንግጡ።

ተጠራጣሪው፦ እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልምጣ። ሁላችሁም ዕጣን ጣዖት አደረጋችሁት። መድኃኒት ላይ ባዶ ክኒን መስጠት ይቻላል፣ ሰውየው የትኛውን እንደዋጠ አያውቅም። ምክር ላይ ግን «ጠባቂ ነህ» የተባለው ሰው ጠባቂ መሆኑን ያውቃል። ተስፋ ይቆርጣል። ወይም «ተራዬ ሲደርስ እሻላለሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ያኔ ተቀባዩ የተሻለ የሚመስለው ጠባቂው ስለባሰበት ሊሆን ይችላል። ይህስ ስጋት አይደለም?

ሁለተኛ፣ ለዕጣ እሺ የሚለው ማነው? ሁሉም ሰው አይደለም። በ1971 ወጣቶችን እስረኛና ዘብ አድርጎ ያሠራው የስታንፎርድ እስር ቤት ጥናት፣ ተሳታፊ ሲፈልግ በጋዜጣ ሲያስተዋውቅ «ስለ እስር ቤት ሕይወት» ብሎ ነበር። በ2007 ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት ማስታወቂያ አወጡ፤ አንዱ እነዚያን ቃላት የያዘ፣ አንዱ ያልያዘ። እስር ቤት የሚለውን አይቶ የመጣው ሰው በአማካይ ይበልጥ ግልፍተኛና የበላይነት የሚወድ ሆኖ ተገኘ። በሩ ላይ ገና ሳይገቡ ነው ውጤቱ የተጣመመው።

ሦስተኛ፣ በ2015 የወጣውን አስታውሱ። 100 የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደገና ተሠሩ። መጀመሪያ 97 በመቶው ጉልህ ውጤት አለኝ ያለ ነበር። ሲደገም 36 በመቶ። አብዛኞቹ ደግሞ እናንተ የምትወዱት ዓይነት ቁጥጥር ያለበት ሙከራ ናቸው። እህታችንን ከመውቀሳችሁ በፊት ቤታችሁን ጥረጉ።

ቁጥር ወዳድ፦ ሦስተኛውን አልቀበልም። እዚያ ያበላሸው ትንሽ ናሙናና የማያምረውን ውጤት መሳቢያ ውስጥ መቅበር ነው። ማወዳደሪያ ቡድን ስለነበራቸው አልወደቁም። መፍትሔውም ዕቅዱን መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ማስመዝገብ ነው እንጂ ወደ «በፊትና በኋላ» መመለስ አይደለም። የመጀመሪያው ነጥብህ ግን ልክ ነው። ጠባቂ ቡድን ደካማ ማወዳደሪያ ነው። የተሻለው ለሁለተኛው ቡድን ሌላ ነገር መስጠት ነው፤ ለምሳሌ ያው ስምንት ሳምንት፣ ያው ሰዓት፣ ግን ያለ ልዩ ዘዴው ተሰብስቦ መጨዋወት።

ተጠራጣሪው፦ ተመስገን። አንድ ነገር አመንክ።

አማካሪዋ፦ ከመጀመሪያው ይልቅ አሁን እየሰማሁ ነው። አንድ ነገር ልናዘዝ። ሁሉንም ተቀብዬ አላውቅም። ቦታ ስለሌለኝ ቀድሞ የተመዘገበውን ነው የምወስደው። የቀረውን «በሚቀጥለው ዙር» እላለሁ።

ቁጥር ወዳድ፦ ቆይ፣ ቆይ። እና እኮ አሁንም እያስጠበቅሽ ነው! ልዩነቱ ወሬው ቀድሞ የደረሰው ሰው ማለፉ ነው። ሰው የሚያውቅ፣ ስልክ በቶሎ የሚያነሳ ሰው። ዕጣ ብታወጪ ለእነሱም ፍትሐዊ ነው፣ አንቺም ማወዳደሪያ ታገኛለሽ። አንድም ተጨማሪ ሰው አልመለስሽም።

አማካሪዋ፦ በጣም የከፋበትን ግን በዕጣ አላደርግም። ራሱን ሊጎዳ የሚችልን ሰው ለሳንቲም አልሰጥም።

መምህሩ፦ መስጠትም የለብሽም። እንዲህ ያለው ሰው ዕጣ ውስጥ አይገባም፣ በቀጥታ ይታያል። ከፈለግሽ ሌላም መንገድ አለ። በመጠይቁ ላይ መቁረጫ ነጥብ አስቀምጪ። ከነጥቡ በላይ ያለ ሁሉ ይገባል፣ በታች ያለ ይጠብቃል። ከዚያ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉትን፣ በአንድ ሁለት ነጥብ ብቻ የሚለያዩትን ታወዳድሪያለሽ። ካምቤል ከትስልትዌት ጋር በ1960 ያቀረቡት ዘዴ ነው። ብዙ ሰው ይጠይቃል፣ ያ ነው ችግሩ። ግን የባሰበትን አያስጠብቅም።

ሁለተኛ ዓመት፦ አንድ ጥያቄ ብቻ። ስንት ሰው ጀመረ፣ ስንት ሰው ጨረሰ?

አማካሪዋ፦ 40 ጀመሩ። የመጨረሻውን መጠይቅ የሞሉት 27 ናቸው።

ሁለተኛ ዓመት፦ አሥራ ሦስቱስ?

አማካሪዋ፦ ...አላውቅም። ሥራ በዛባቸው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ቁጥር ወዳድ፦ ተሽሏቸው ሊሆን ይችላል። ብሶባቸውም ሊሆን ይችላል። አማካዩ የወረደው የባሰባቸው ስለቀሩ እንዳይሆን።

አማካሪዋ፦ ነገ እደውልላቸዋለሁ። አሥራ ሦስቱንም።

ተጠራጣሪው፦ አንቺ አትደውዪ። የረዳቻቸው ሴት ደውላ «እንዴት ነህ?» ስትል ማን ነው «ባሰብኝ» የሚላት? ይሉኝታ ይይዛቸዋል።

አማካሪዋ፦ እሺ፣ ማን ይደውልልኝ?

ወላጅ ነኝ፦ ጥያቄዎቹን ጽፋችሁ ስጡኝ። እኔ እደውላለሁ። የትኛው እንዳቋረጠ፣ የትኛው እንደጨረሰ ግን አትንገሩኝ፤ አርባውንም ስጡኝ።