የማስቶዶን ሰርቨራችን ዲስክ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ምን ይሻላል?

ቢኒያም፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአማርኛ ጸሐፊዎች በማስቶዶን (እርስ በርስ በተያያዙ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠራ ማኅበራዊ ሚዲያ) የራሳችንን ሰርቨር ከፍተናል። አባላቱ ከመቶ አይበልጡም፤ ፎቶ የሚለጥፉትም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዲስኩ ግን ይሞላል። ወጪው ከኪሳችን ስለሆነ ዝም ብለን ማሳደግ አንችልም። ሌላው ጭንቀቴ፣ ሰርቨሩን የማስተዳድረው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ ነገር ብሆን የሰዉ አካውንት ምን ይሆናል?

መቅደስ፦ ቢኒ፣ ዲስኩን የሚሞሉት አባሎችህ አይደሉም። ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ ሰው ሲከተሉ የእሱ ፎቶና ቪዲዮ ኮፒ አንተ ጋ ይቀመጣል። ሪሌይ (የብዙ ሰርቨሮችን ልጥፍ ሰብስቦ የሚያስተላልፍ አገልግሎት) ካበራህ ደግሞ ማንም ያልተከተለው ሰው ልጥፍ ሳይቀር ይጎርፋል። መጀመሪያ እሱን አጥፋው። ከዚያ በአስተዳዳሪው ገጽ የሚዲያ ካሽ (ከሌሎች ሰርቨሮች የመጣው ፎቶና ቪዲዮ ኮፒ) ማቆያውን 7 ቀን አድርገው። የተሰረዘው ፎቶ ሲፈለግ ከምንጩ ተመልሶ ይመጣል። እዚያው ያለውን የይዘት ማቆያ ግን አደራ እንዳትነካው! እሱ የሌሎች ሰርቨሮችን ልጥፍ ነው የሚሰርዘው። አባላት ቡክማርክ ያደረጉትም አብሮ ይሄዳል።

ያሬድ፦ የዲስኩ ነገር መላ አለው። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው። ማስቶዶን ላይ ሰው ሰርቨር ሲቀይር ተከታዮቹን ይዞ ይሄዳል፤ የጻፈው ግን እዚያው ይቀራል። ያውም የድሮው ሰርቨር እየሠራ ከሆነ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ለምታምነው ሰው የሰርቨሩንም የዶሜኑንም (የድር አድራሻውንም) መግቢያ ስጥ። ማስቶዶን በይፋ ገጹ የሚዘረዝራቸው ሰርቨሮች ሌላ የአደጋ ጊዜ ሰው እንዲኖራቸው ይጠየቃሉ፤ ሲዘጉም ከ3 ወር በፊት ማሳወቅ አለባቸው። ዶሜኑንም አትናቀው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአፍጋኒስታን ዶሜን የያዘው ኩዊር ነጥብ ኤኤፍ የተባለ የማስቶዶን ሰርቨር፣ በታሊባን ሥር ያለው መዝጋቢ ሲያግደው አድራሻውን አጥቷል።

ሐና፦ ሞደሬሽኑን (ልጥፎችንና ሪፖርቶችን የመከታተሉን ሥራ) ማን ይሠራል? ይሄ ከሁሉም ይከብዳል። ለስላሳ የሚመስል አባባል ውስጥ የተደበቀን የብሔር ስድብ የሚለየው የቋንቋው ሰው ነው። ሪፖርት ሳይታይ ሲከርም ሌሎች ሰርቨሮች የእናንተን በሙሉ ያግዳሉ፤ ምንም ያላጠፋው አባልም አብሮ ይቆረጣል። ምዝገባውን በፈቃድ ብቻ አድርገው። አዲስ አበባም ዲሲም አባላት ካሉህ በፈረቃ ይጠብቁ። ሞደሬተሮቹ ደግሞ የተለያየ ወገን ሰዎች ይሁኑ፤ የአንድ ቡድን ጓደኛሞች ብቻ ከሆኑ ውሳኔያቸውን ማንም አያምንም።

ቢኒያም፦ እግዜር ይስጥልኝ። እውነትም ሪሌዩ በርቶ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ። የሁለተኛ አስተዳዳሪውን ጉዳይ ዛሬ ማታ እንነጋገርበታለን። ባክአፕ ስወስድ ዳታቤዙ ብቻ ይበቃል?

መቅደስ፦ አይበቃም። ከፖስትግሬስ ዳታቤዙ ጋር የኢኤንቪ ፋይሉን (የሰርቨሩን ቅንብር የያዘውን) ያዝ፤ ምስጢራዊ ቁልፎቹ ያሉት እዚያ ነው። አባላት ራሳቸው የለጠፉትን ፎቶም ጨምር። የሌሎች ሰርቨሮች ካሽ አያስፈልግህም። ሁሉንም ሌላ ቦታ አስቀምጠውና ባዶ ማሽን ላይ መልሰህ ሞክረው። ሳይድኪክን (የማስቶዶንን ሥራዎች ከበስተጀርባ የሚያከናውነውን ፕሮግራም) ግን እንዳታስነሳው፤ ወደ ውጭ መልእክት መላክ ይጀምርብሃል።