ለቀበና ወንዝ የሮክ ኮንሰርት፦ ብር እንሰብስብ ወይስ እንናገር?

ቀበና ጊታር፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንዲት ትንሽ የሮክ ባንድ አለችን። ልምምዳችን አራት ኪሎ ነው፣ አብዛኞቻችን የቀበናና የግንፍሌ ልጆች ነን። ወንዙን ለአዲስ አበባ ሰው መግለጽ አያስፈልግም። የሽንት ቤት ፍሳሽ ይለቀቅበታል፣ ፌስታልና ሃይላንድ ይጣልበታል፣ የጋራዥ ዘይት ይደፋበታል፤ ክረምት ሲመጣ ያንን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፣ ከዚያ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። ታች በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ገበያ ነው።

ለዚህ ወንዝ የገቢ ማሰባሰቢያ ኮንሰርት እናድርግ ብለን ተነስተናል። ከስታዲየም እስከ ብሔራዊ ቴአትር ባለው አካባቢ አዳራሽ እያጠያየቅን ነው። ችግሩ እርስ በርስ አልተስማማንም። ድራመራችን "ሙዚቃ ወንዝ አያጸዳም፣ ቲኬት እንሽጥና ብሩን ለሚያጸዱት እንስጥ፣ በቃ" ይላል። ድምፃዊታችን ይሄ አይዋጥላትም። መድረክ ይዘን ፍሳሹን ማን እንደሚለቅ፣ ማን ዝም ብሎ እንደሚያይ ካልተናገርን ሮክ መጫወታችን ምን ትርጉም አለው ነው የምትለው። ቤዚስቱ ደግሞ ፖለቲካ ከነካካን ፈቃድም ስፖንሰርም አናገኝም ብሎ ፈርቷል።

እኔ ሮክን የወደድኩት በዚሁ በኩል ነው። ጃኖ ባንድ ሲመጣ በአማርኛም ሮክ እንደሚቻል አየሁ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድኩ ሳዳምጥ የቢትልሱን ጆርጅ ሃሪሰንን፣ አሜሪካዊውን ስፕሪንግስቲንን፣ የአውስትራሊያውን ባንድ ሚድናይት ኦይልን አገኘሁ፤ ጊታራቸውን ይዘው ለተራበ ሕዝብ፣ ለኑክሌር አደጋ፣ ባሕር ላይ ለፈሰሰ ዘይት የወጡ ሰዎች ናቸው። እንደዚያ ዓይነት ነገር እዚህ መሀል አዲስ አበባ እንዲደረግ ከልቤ እፈልጋለሁ። ግን ይሠራል ወይ? ብር መሰብሰብና መናገር አብረው ይሄዳሉ ወይ? ብሩንስ ማን ይያዝ? ልምዱ ያላችሁ እባካችሁ።

ሒሳብ ሠሪዋ፦

ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ነው የቆመው።

የጠቀስከው ጆርጅ ሃሪሰን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1971 ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ ከህንዳዊው የሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ጋር ለባንግላዴሽ ስደተኞች ኮንሰርት አደረገ። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፣ ወደ 40,000 ሰው ገባ። ከበር የተገኘው 243,000 ዶላር አካባቢ በዩኒሴፍ በኩል ሄደ። ትልቁ ብር ግን ከአልበሙና ከፊልሙ ነበር የሚመጣው። ዝግጅቱ ቀድሞ በበጎ አድራጎት መልክ ስላልተመዘገበ የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት ገባበት፣ ሚሊዮኖች ዶላር ለዓመታት ታግቶ ቆየ። ሙዚቃው ግሩም ነበር፣ ዓላማው ንጹህ ነበር፣ ሰውየውም የታመነ ነበር። የወረቀቱ ሥራ ቀድሞ ስላላለቀ ብቻ የተራበ ሕዝብ ጠበቀ። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል።

የሰፈር እድር እንኳን ሰብሳቢው ሌላ፣ ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ሒሳብ ቆጣሪው ሌላ ነው። እናንተም እንደዚያ አድርጉ። ብሩ በአንዳችሁም የግል አካውንት አይግባ፣ በማናጀራችሁም ቢሆን። ወንዝ ላይ የሚሠራ የተመዘገበ ድርጅት ፈልጉና ከእሱ ጋር ውል ተፈራረሙ፣ የቲኬቱ ክፍያ በባንክም በቴሌብርም በቀጥታ ለዚህ ሥራ ብቻ ወደተከፈተ አካውንት ይግባ፣ ለማውጣት ከባንዱ ውጭ የሆነ ሰው ፊርማ ይጠይቅ። ወጪያችሁን ደግሞ ቲኬት ከመሸጣችሁ በፊት ወስኑ። አዳራሽ፣ ሳውንድ፣ ጥበቃ፣ ህትመት። ጣሪያ አውጡለት። ብዙ የበጎ አድራጎት ዝግጅት የሚሞተው በሌብነት ብቻ አይደለም፣ የገባውን ሁሉ ወጪው በልቶት ነው።

ከዚህ በፊት ለሕሙማን ተብሎ በተዘጋጀ የሙዚቃ ምሽት ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ቲኬት ሸጬ ነበር። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ስንት እንደገባ፣ ስንት ለሕሙማኑ እንደደረሰ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ቲኬት የገዙኝ ሰዎች አሁንም ይጠይቁኛል፣ የምሰጣቸው መልስ የለኝም። ስለዚህ ከኮንሰርቱ በኋላ ሒሳቡ የሚወጣበትን ቀን ቲኬቱ ላይ አትሙት።

የድሮ ካሴት፦

ልጄ፣ ሐሳብህ ደስ ብሎኛል። ለጥያቄህ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ የምንለው ይኖረናል፣ ምክንያቱም በዓለም ትልቁ የሮክ የእርዳታ ኮንሰርት የተደረገው በእኛ ስም ነው።

በ77 ድርቅ እኔ እዚሁ አዲስ አበባ ተማሪ ነበርኩ። የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራ ማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያነሱት ምስል በጥቅምት ወር ለዓለም ተሠራጨ፣ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ አይቶት ተነሳ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ለንደን ዌምብሌይና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ ተካሄደ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። በዚያ እህል የዳነ ሰው አለ። ይሄን ማንም አይክደኝም፣ እኔም ማንንም አልክድም።

ግን ሁለት ነገር ውስጤ ቀርቷል። አንደኛ፣ ከዚያ መድረክ የተነገረው ዝናብ ስለመጥፋቱ ነው። ጦርነቱ እንዴት እህል እንዳገደ አልተነገረም። በግድ ሰፈራው ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ ሲወሰድ ብዙ ሕዝብ አልቋል፣ ይህን በአደባባይ የተቃወሙት የፈረንሳይ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ከኮንሰርቱ ጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1985፣ ከአገር ተባረሩ። ሙዚቀኞቹ ብር ለማድረስ ዝም ማለት ነበረባቸው የሚል አለ፣ ምናልባትም ልክ ነው። ግን ድራመራችሁ እንደሚለው ሰብስቦ ሰጥቶ መገላገል ሁልጊዜ አያስችልም። ሰው የሚጎዳው በሰው ሥራ ከሆነ ምክንያቱም መነገር አለበት። የቀበናም ነገር እንዲሁ ነው። ወንዙን ያቆሸሸው ሰማይ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ያን ቀን ስማችን በየደቂቃው ሲጠራ አንድም ኢትዮጵያዊ ሙዚቀኛ መድረኩ ላይ አልነበረም። ጥላሁን ነበረን፣ ማህሙድ ነበረን፣ አስቴር ነበረች! በኋላ በ1980 ሕዝብ ለሕዝብ ተብሎ የእኛ ሙዚቀኞች አውሮፓና አሜሪካ ዞረው ለእርዳታው ምስጋና አቀረቡ። ዓለም ስለ እኛ ሲዘፍን አልተጋበዝንም፣ ለማመስገን ግን ሄድን። ከላይቭ ኤይድ 20 ዓመት በኋላ ላይቭ ኤይት የተባለው ኮንሰርት ሲዘጋጅም ይኸው ወቀሳ ተነሳ። የአፍሪካ ሙዚቀኞች በብዛት የተሰለፉበት መድረክ በዚያው ቀን በፒተር ጋብርኤል አማካኝነት ኮርንዎል ተዘጋጀ፣ ዋናው መድረክ ከነበረበት ከለንደን ሃይድ ፓርክ ሩቅ ነው። እናንተም ስለ ወንዙ ዳር ነዋሪ ስትዘፍኑ ነዋሪውን መድረክ ላይ አውጡት። በዚያ ውሃ ልብስ የምታጥበዋን ሴት፣ ጎመን የሚያለማውን ገበሬ። ራሳቸው ይናገሩ። ማይኩን ስጧቸው።

ቀበና ጊታር፦

እህቴ፣ የሒሳብ ቀኑን ቲኬቱ ላይ ማተም ያልሽው ተወስኗል፣ ዛሬ ለባንዱ አንብቤላቸዋለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ያሉትን ድራመራችን ሁለት ጊዜ ነው ያነበበው። ግን ነዋሪውን መድረክ ላይ ስናወጣ እዩልኝ ብለን ችግሩን የሸጥንበት እንዳይመስልስ? ይሄ ያስፈራኛል።

የድሮ ካሴት፦

ቀድማችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ምን መናገር እንደሚፈልጉ እነሱ ይወስኑ። ፎቶአቸውን ፖስተር ላይ አትለጥፉ። እናንተ የምትከፈሉበት ሥራ ቢሆን ኖሮ እነሱም ይከፈሉ ነበር፣ ስለዚህ ቢያንስ የትራንስፖርትና የዋሉበትን አስቡላቸው።

ሚክሰር፦

እኔ ሳውንድ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ሌላውን ትቼ በዚያ በኩል ልምጣ።

ስለ አካባቢ ብክለት ኮንሰርት ስታደርጉ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጀነሬተራችሁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ላይቭ ኧርዝ የተባለው የአየር ንብረት ኮንሰርት በብዙ አህጉር በአንድ ቀን ሲደረግ አርቲስቶቹ በአውሮፕላን መመላለሳቸው ከመልእክቱ በላይ ወሬ ሆነ። የእንግሊዝ ባንድ የሆኑት ማሲቭ አታክ ግን እ.ኤ.አ. በ2024 እዚያው ከተማቸው ብሪስቶል ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት በባትሪ ኃይል አደረጉ፣ ታዳሚው በባቡር እንዲመጣ አመቻቹ፣ የተሸጠው ምግብም ሥጋ የሌለበት ነበር። (ያ የመጨረሻው ለኛ አገር ቀላል ነው፣ የጾም በያይነቱ ካለ ምን ጎደለ!) እናንተ መሀል ከተማ ስለሆናችሁ መብራት ያለበት አዳራሽ ያዙ፣ ጀነሬተሩ ለክፉ ቀን ብቻ ይቁም። የቀላል ባቡሩ የስታዲየም ፌርማታ ቅርብ ነው፣ ፖስተሩ ላይ በሱ ኑ በሉ። ውሃ በሃይላንድ አትሽጡ። ስለ ወንዝ ዘፍናችሁ ጠዋት አዳራሹ ደጃፍ የፕላስቲክ ክምር ቢታይ ድምፃዊታችሁ የተናገረችው ሁሉ ገደል ይገባል።

ሌላ፣ ብዙ ባንድ አትጥሩ። ባንድ በተቀየረ ቁጥር የሳውንድ ቼክ ጊዜ ይሄዳል፣ ታዳሚው ይቀዘቅዛል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 1988 ዌምብሌይ ላይ ለማንዴላ 70ኛ ልደት ኮንሰርት ሲደረግ፣ ሰውየው ገና እስር ቤት እያለ ማለት ነው፣ ስቲቪ ወንደር የኪቦርዱ ዲስክ ጠፍቶበት መውጣት አልቻለም። ክፍተቱን እንድትሞላ ቀደም ብላ የተጫወተችው ትሬሲ ቻፕማን እንደገና ተላከች። አንዲት ወጣት ልጅ፣ አንድ አኩስቲክ ጊታር፣ ያ ሁሉ ሕዝብ። ዝም አሰኘቻቸው። በ67 አገር የተላለፈ ዝግጅት ነበር፣ ያን ቀን ስሟን የማያውቅ ሁሉ አወቃት። ብዙ ዕቃ ስለሌላችሁ አትጨነቁ ለማለት ነው።

የካዛንቺስ ልጅ፦

እኔ ድምፃዊቷን ነው የምደግፈው፣ ግን መናገር ብቻውን አይበቃም፣ አንድ ነገር ጠይቁ። የተለየ፣ የሚቆጠር፣ አድራሻ ያለው ጥያቄ።

የኑክሌሩን የጠቀስከውን እየው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 28 ቀን 1979 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ትሪ ማይል አይላንድ የሚባለው የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ደረሰበት። በዚያው ዓመት መስከረም ጃክሰን ብራውን፣ ቦኒ ሬይት፣ ግራሃም ናሽና ጆን ሆል ሙዚቀኞችን ሰብስበው ለአምስት ምሽት ተጫወቱ፣ ስፕሪንግስቲንም ነበረበት። ግን በኮንሰርቱ አላቆሙም፣ በዚያው ሰሞን ኒውዮርክ ውስጥ ሰልፍ ጠርተው ወደ 200,000 ሰው ወጣ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፣ ኑክሌር ይቁም። ሚድናይት ኦይሎች ደግሞ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ዘይት ካፈሰሰች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1990፣ ኒውዮርክ ኤክሰን ሕንፃ ፊት ለፊት ጭነት መኪና ላይ ቆመው በምሳ ሰዓት ተጫወቱ። ቲኬት የለ፣ ብር የለ። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት መስኮት ሥር ነው የተጫወቱት። ድምፃዊያቸው ፒተር ጋሬት በኋላ የአውስትራሊያ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሆነ፣ እዚያ ሲደርስ የወሰናቸው ነገሮች የድሮ አድናቂዎቹን ያስቀየሙበት ጊዜ አለ፣ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው።

ቤዚስቱ ስለ ፈቃድ የሚፈራው ይገባኛል። ግን "የሰፈራችን ፍሳሽ መስመር ወንዝ ውስጥ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፣ ይዘጋልን" ማለት የማንንም ፓርቲ አይነካም። የነዋሪ ጥያቄ ነው። ወንዙን ተከትላችሁ ውረዱ፣ ቱቦ የሚለቀቅባቸውን ቦታዎች ፎቶ አንሱ፣ ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ምረጡ። ኮንሰርቱ ላይ ለዚያ አንድ ቱቦ ፊርማ አሰባስቡ፣ የወረዳውንም ሰው በደብዳቤ ጋብዙና የፊት ወንበር አስቀምጡት። ብሩም ለዚያው ቦታ ይሁን። እንዲህ ከሆነ ብሩና ንግግሩ አይጣሉም፣ ሰውም ምን እንደተደረገ ሄዶ ማየት ይችላል።

ደግሞ አንድ ጊዜ አድርጋችሁ አትተዉት። ዊሊ ኔልሰን፣ ኒል ያንግና ጆን ሜለንካምፕ የሚባሉት ዘፋኞች እ.ኤ.አ. በ1985 ለአሜሪካ ገበሬዎች የጀመሩት ፋርም ኤይድ የተባለ ኮንሰርት፣ ሐሳቡ ላይቭ ኤይድ ላይ ቦብ ዲላን ከተናገረው የመጣ ነው፣ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይደረጋል። ገበሬው ስለሚያውቃቸው ችግር ሲገጥመው ይደውልላቸዋል።

ቀበና ጊታር፦

አንድ ቱቦ! ይሄን ማንኛችንም አላሰብነውም። ቅዳሜ ጠዋት ከግንፍሌ ድልድይ ጀምረን ቁልቁል እንወርዳለን፣ ድምፃዊታችን ፎቶውን ታነሳለች፣ ድራመራችንም እመጣለሁ ብሏል። ቀኑን ግን ለጥር መጨረሻ አስበን ነበር፣ እንዴት ይታያችኋል?

ሒሳብ ሠሪዋ፦

ጥር ጥሩ ነው፣ ግን የሠርግ ወር ስለሆነ አዳራሽና ሳውንድ ይወደድባችኋል፣ ቅዳሜና እሑድን ተዉትና ዓርብ ማታ ሞክሩ። ወደ የካቲት ከገፋችሁት ደግሞ ዓቢይ ጾም ይገባባችኋል፣ ቲኬት አይሸጥም። የአዳራሹን ዋጋ ስታገኙ እዚህ ጻፉት፣ የወጪ ጣሪያውን አብረን እንሠራዋለን።

ሚክሰር፦

ዓርብ ከሆነ እኔ አለሁ። ለሙያዬ አልከፈልም፣ የዕቃ መጫኛና ማውረጃውን ግን ወጪ ውስጥ አስገቡት።