ትራስ የሚመስለው የቱንድራ አበባ መሃሉ እየሻገተ አስቸገረኝ

ሰላም ለሁላችሁ። በሰሜን አላስካ፣ ከብሩክስ ተራሮች ባሻገር ባለው ቱንድራ (ዛፍ የማይበቅልበት ቀዝቃዛ ሜዳ)፣ በፈቃድ የአበባ ናሙና እየሰበሰብኩ፣ በወረቀት መሃል ተጭኜ እያደረቅኩ ነው። ሌሎቹ ብዙም አላስቸገሩኝም። ያቃተኝ ሲሌኔ አካውሊስ ነው።

ተክሉ መሬት ላይ የተለጠፈ አረንጓዴ ትራስ ይመስላል። ቅጠሎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ጥቅጥቅ ብለው ነው የሚበቅሉት። ላዩን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ሮዝ አበቦች ይሸፍኑታል። ከስር አንድ ወፍራም ዋና ሥር ወደ ታች ይወርዳል። በጣም ነው የሚያምረው፤ ሲበላሽብኝ አንጀቴ ያርራል።

ያለኝ ተክል ተጭኖ የሚደርቅበት የእንጨት መጫኛ፣ ሁለት ማሰሪያ ቀበቶ፣ ጋዜጣ፣ ውሃ የሚመጥ ወረቀትና ካርቶን ነው። ካምፑ ውስጥ ጄኔሬተር የሚሠራው ማታ ለ2 ሰዓት ብቻ ነው። አየሩም እርጥብ ነው።

መጀመሪያ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን እንዳለ ጫንኩት። ጋዜጣውን በየ24 ሰዓቱ ቀየርኩ። በ5ኛው ቀን ስከፍተው ጠርዙ ደርቋል፣ መሃሉ ግን እርጥብ ነው፤ ነጭ ሻጋታ እንደ ጥጥ ብናኝ ተነስቶበታል። አበቦቹም ቡናማ ሆነዋል። ሁለተኛውን ቀበቶውን አጥብቄ ጫንኩት፤ ግንዶቹ ተሰባበሩ። ሦስተኛውን ማሞቂያ አጠገብ አደረግኩት። እሱ ደግሞ ሲነኩት ይረግፋል።

የቀረኝ መሰንጠቅ ነው። ግን የትራሱ ቅርጽና ሥሩ ካልታዩ ናሙናው ለሄርባሪየም (ለጥናት የሚቀመጡ የደረቁ ተክሎች ስብስብ) ብዙም አይረባም። አበባው የሚቆየው ለጥቂት ሳምንት ነው፤ ብዙ ተክል መንቀልም አልፈልግም።

በሳነቴ ወይም በስሜን ተራሮች እንዲህ ጥቅጥቅ ያለ ተክል ያደረቃችሁ ካላችሁ፣ ቅርጹና ሥሩ ሳይጠፋ በምን ያህል ውፍረት ሰንጥቄ ልጫነው?