ቆማ ራሷን ለምትስት እህት ምን ይደረግ?

ጠያቂ (አዳማ)፦ የ22 ዓመት እህቴ የታክሲ ሰልፍ ላይና ቅዳሴ ላይ ስትቆም ዓይኗ ይጨልማል፣ ልቧ ይደልቃል፣ ወድቃም ታውቃለች። በሙቀት ይብስባታል። ተቀምጣ ግፊቷ ሲለካ ደህና ነው ተባለ። ምን እናድርግ?

ነርስ፦ ተቀምጦ መለካት ይሄን አያሳይም። ጠዋት ቁርስ ሳትበላ 5 ደቂቃ በጀርባዋ ትተኛና ግፊትና የልብ ምቷን ለኩ። ከዚያ ሳትደገፍ ትቁም፤ በ1፣ በ3፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ ለክታችሁ ጻፉ። ሰው አጠገቧ ይሁን፣ ከጨለመባት ወዲያው ትተኛ። በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው የግፊት ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ስትቆም ግፊቷ ይወርዳል ማለት ነው። ግፊቱ ሳይወርድ የልብ ምቷ በደቂቃ በ30 እና ከዚያ በላይ ጨምሮ እዚያው ከቆየ ፖትስ የሚባለው (ሲቆሙ የልብ ምት ከልክ በላይ የሚጨምርበት ችግር) ሊሆን ይችላል። እሱም ምልክቱ ቢያንስ 3 ወር ከቆየ ነው። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ሆርሞንና እርግዝና አስቀድመው ይታዩ።

ፊዚዮቴራፒስት፦ ሰው ሲቆም ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ወደ እግርና ሆድ ይወርዳል፤ ሙቀት ደግሞ የቆዳን ደም ስር ያሰፋል። የአዳማ ፀሐይ የሚያባብሰው ለዚህ ነው። በቀን 2–3 ሊትር ውሃ ትጠጣ፤ ከአልጋ ሳትወርድ ግማሽ ሊትሩን ቶሎ ብትጨርሰው ይረዳታል። ፖትስ ከሆነ ጨው በቀን እስከ 10 ግራም ይታዘዛል፤ ኩላሊት፣ ልብ ወይም ደም ግፊት ካለባት ግን በራሳችሁ እንዳትጨምሩ። ሰልፍ ላይ እግሯን አጣምራ ጭኗንና መቀመጫዋን አጥብቃ ትጭመቅ። ካልተሻላት ቁጢጥ ትበል፣ ሰው ምን ይለኛል አትበል። እስከ ጉልበት የሚደርስ ካልሲ ብዙም አይጠቅማት፤ እስከ ወገብ የሚያጠብቀውን ፈልጉ።

ሌላ አባል፦ ቅዳሴ ላይ ትቀመጥ፤ የጾሙን የውሃ ነገር ለንስሐ አባቷ ትንገር። ስትወድቅ ደግፋችሁ አታቁሟት! ደም ወደ ጭንቅላቷ እንዳይደርስ የሚያደርገው እሱ ነው። አስተኝታችሁ እግሯን ከፍ አድርጉ። ለጥቂት ሰከንድ ብትንቀጠቀጥ ብቻውን የሚጥል በሽታ ነው አያሰኝም፤ ክብሪት ማሽተቱም ይቅር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልነቃች ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ለራስ ምታት ማታ ማታ አሚትሪፕቲሊን ትወስዳለች፣ ያገናኘዋል?

ነርስ፦ በደንብ ነው እንጂ! ስትቆም ግፊት ያወርዳል፣ ምትም ይጨምራል። ግን በአንዴ አታቋርጥ፤ መድኃኒቱንና የለካችሁትን ይዛችሁ ያዘዘላት ሐኪም ጋ ሂዱ። ተኝታ ወይም እየሮጠች ከሳተች፣ ደረቷን ካመማት፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ትነሳ።