ግጥም ውስጥ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ቃል ልጆች እንዴት ይለዩ?

ጅማ 5ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ የሚጠብቅ ድምፅ ፊደሉ ተደግሞ ይጻፋል፤ የእኛ ፊደል ግን አያሳይም።

ባለ 8 ስንኝ ግጥም ስሰጣቸው ቤት መምቻውን ወዲያው ያገኙታል፣ ዜማውንም አይስቱም። መረዳቱ ላይ ነው የሚጠፋብን። «ገና ነው አለች እናቴ» በሚለው ስንኝ «ገና» የሚለውን ቃል እንደ በዓሉ ስም አጥብቀው ያነቡና «በዓሉ ደርሷል» ብለው ይመልሳሉ፤ ስንኙ የሚለው «አልደረሰም» ነው። በዝርው ጽሑፍ የጎረቤት ዓረፍተ ነገር ያግዛቸዋል፣ ግጥም ግን ቃል ይቆጥባል።

ሁለቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ ለጊዜው ብቻ ነው። በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ አደረግሁ፤ ነጥቡ ሲነሣ ስሕተቱ ተመለሰ።

መምህራን፣ ያለ ነጥብ፣ ከዐውዱ ብቻ እንዲለዩ የረዳችሁ መልመጃ የትኛው ነው?