ክርክር፦ የአይጥ ቆሽት ለሰው ቆሽት ይመሰክራል?

የጦሳ ልጅ፦ ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ ያቋረጥነውን እዚህ እንጨርሰው። ሥር የሰደደ የቆሽት ሕመምን ለማጥናት አይጥ ማሳመም ይቀጥል ወይስ ይቅር? እኔ ይቅር ባይ ነኝ። ሴሩሊን የሚባል፣ ቆሽትን ከልክ በላይ የሚያሠራ ነገር በአንድ አንድ ሰዓት ልዩነት ስድስት ሰባት ጊዜ ይወጓታል፤ ይሄ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ለሳምንታት ይደጋገማል። ቆሽቷ ቆስሎ ጠባሳ ያወጣል። መርፌው ሲቆም ግን ጠባሳው እየሳሳ ይሄዳል! የሰው እንዲህ ነው እንዴ?

ኮምቦልቻዊቷ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ረጋ በል። ሰው ሐኪም ቤት የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ቆሽቱ ከተጎዳ በኋላ ነው፣ ጅማሬውን ደግሞ ከሰው ሆድ እየቆረስክ አታይም። ጠባሳውን የሚሠሩት ሴሎች እ.ኤ.አ. በ1998 ተለይተው ሲወጡ የአይጥ ቆሽት ነው ያገዘው።

የጦሳ ልጅ፦ እሺ፣ መጠጥስ? በሰው ላይ ከዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ እሱ ነው። አይጥ ግን አልኮል ብቻ ብትጋት ይህ ነው የሚባል ነገር አትሆንም፣ ሌላ ጉዳት ካልጨመሩባት። በሰው የቆሽት ቱቦ ውስጥ የሚጋገረው ድንጋይስ የታለ?

አራዳው፦ ኧረ በቃ፣ ቆሽታችንን አታሳርሩት ሃሃ

ጡረተኛው የእንስሳት ሐኪም፦ ልጆቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1889 ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የሚባሉ ሐኪሞች የውሻ ቆሽት አውጥተው ነው ስኳር በሽታን ከቆሽት ጋር ያገናኙት። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ከቆሽት የተጨመቀው ንጥር (ኢንሱሊን) የደም ስኳር ሲያወርድ የታየውም በውሻ ነው፣ በዓመቱ ጥር ላይ ያንኑ ሰው ተወጋው። ስለዚህ በደፈናው «ይቅር» የሚለው አይዋጥልኝም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። በሽተኛውን አልጋ ላይ የሚያገላብጠው ስቃዩ ነው፣ አይጥ ደግሞ የት እንዳመማት አትናገርም። ሆዷን በቀጭን ክር ነካ ነካ እያደረጉ ስንቴ እንደሸሸች ይቆጥራሉ። ከዚህ ተነስቶ «ማስታገሻ ተገኘ» ማለት ድፍረት ነው።

ኮምቦልቻዊቷ፦ ጋሼ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ግን የዘረ መሉን አይርሱብኝ። በቤተሰብ የሚወረሰው ዓይነት መንስኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ከተገኘ ወዲህ መሰል የዘረ መል ስህተት የተሸከሙ አይጦች ተፈጥረዋል፣ አንዳንዶቹ መርፌ ሳይነካቸው ይታመማሉ።

የጦሳ ልጅ፦ እሱን ጥናት ላኪልኝ። ካሳመነኝ «ይቅር» ያልኩትን ለሴሩሊኗ ብቻ አደርገዋለሁ። የስቃዩን ነገር ግን ጋሼ እንዳሉት ነው፣ እዚያ ላይ አልለቃችሁም።